ለቀበሮ የሚሆን ጠመንጃ እንዴት ይመረጣል?

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን። ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ካመለጠ በኋላ ከአፋፍ አፋፍ ይሰማል እንጂ ተመልሶ ወደ አፍ አይገባም ማለታቸው ነው። ከአፈሙዝ የወጣ ጥይትማ ከዚህም የባሰ ነው። አፋፉን አልፎ፥ ተኳሹ በዐይኑ ካላየው መንደር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በግ የሚበላበትን ቀበሮ ወይም ሰብል የሚያጠፋበትን አውሬ ለመከላከል ጠመንጃ የሚያነሣ ሰው፥ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል። በምን ዐይነት ጠመንጃ ልተኩስ? በምን ዐይነት ጥይት? ጥይቱስ ቀበሮውን ቢያልፈው ወይም ቢስተው የት ያርፋል?

በአገራችን ገበሬው ዝንጀሮንና ከርከሮን የሚከላከለው ማማ ላይ ልጅ አስቀምጦ በጩኸትና በወንጭፍ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። በእንግሊዝና በዌልስ፥ በስኮትላንድም ግን ይህ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በዚያ አገር ስለ ቀበሮ ጠመንጃ በገበሬዎች መካከል የሚደረገው ክርክር፥ በእኛ አገር ስለ በቅሎ ወይም ስለ በሬ ከሚደረገው ክርክር የሚያንስ አይደለም። እኛም ዛሬ ይህንኑ ሙያ ለአንባቢያን ለመግለጽ አስበናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

የእንግሊዝ አገሩ ቀበሮ

የእንግሊዝ አገር ቀበሮ መልኩ ቀላ ያለ፥ ጅራቱ ወፍራምና ጫፉ ነጭ የሆነ አውሬ ነው። ሰው ከሩቅ ሲያየው ትልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ትልቅ የሚያስመስለው ጠጕሩ ነው እንጂ ክብደቱ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ክብደት ውስጥ ጥይት ቢያርፍበት አውሬው ወዲያው የሚሞትበት ስፍራ፥ ማለት የልቡና የሳንባው ቦታ፥ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። መዳፍ የምታህለውን ቦታ በእርግጠኝነት ሊመታ የማይችል ሰው፥ የያዘው ጠመንጃ የቱንም ያህል ኀይለኛ ቢሆን፥ አቍስሎ ይሰደዋል እንጂ አይገድለውም። የቈሰለ ቀበሮም ጕድጓዱ ገብቶ ቀናት እየተሠቃየ ይሞታል። ይህ ለአውሬው ጭካኔ ነው፤ ለተኳሹም ነውር ነው።

ቀበሮ ለምን ይገደላል? በበልጋቸው ወራት፥ በመጋቢትና በሚያዝያ፥ በጎች በሚወልዱበት ጊዜ ቀበሮ አዲስ የተወለደ ግልገል ይወስዳል። የዶሮ ቤት ተከፍቶ ያገኘም እንደ ሆነ የሚበላውን አንዲት ዶሮ ብቻ ገድሎ አይወጣም፤ ያገኘውን ሁሉ ፈጅቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ቀበሮን ያለ ጥፋቱ መክሰስ አይገባም። በማለዳ በአፉ ግልገል ይዞ የታየ ቀበሮ ሁሉ ያንን ግልገል የገደለው እርሱ ነው ማለት አይደለም፤ ሞቶ የተወለደውን ወይም በብርድ የሞተውን አንሥቶ ሊሆን ይችላል። ብልህ ገበሬ ወደ ጠመንጃው ከመሄዱ በፊት ዶሮዎቹን በማታ ይቈልፋል፥ አጥሩን ያጠብቃል፥ ቢችል የኤሌክትሪክ አጥር ያቆማል፥ የሚወልዱትን በጎች ወደ ቤት ያስገባል። ጠመንጃ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ ያልቀረ እንደ ሆነ ነው።

በአውስትራሊያ ግን የነገሩ ክብደት ሌላ ነው። ቀበሮ በዚያ አገር ከቶ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ከእንግሊዝ የሄዱ ሰዎች በፈረስና በውሻ ለማደን ሲሉ ወስደው ለቀቁት። ጥንቸልም በ1859 በቪክቶሪያ ግዛት እንዲሁ ለአደን ተለቀቀ። ከመቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ሁለቱም አብዛኛውን የአገሩን ክፍል ያዙት። ቀበሮን የማያውቁት፥ ከእርሱም መሸሽ ያልለመዱት ትናንሾቹ የአገሩ እንስሳት እጅግ ተጐዱ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሊጠፉ የተቃረቡ አሉ። ሰው ለጨዋታ ብሎ ያመጣውን ነገር የልጅ ልጁ በመርዝና በጥይት ሲያሳድድ ይኖራል።

ስለ ስፋትና ስለ ኀይል

የጠመንጃ ዐይነት የሚጠራው በአፈሙዙ ውስጥ ባለው ስፋት ነው። ይህን ስፋት ፈረንጆች «ካሊበር» ይሉታል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ስፋቱን የሚለኩት በኢንች ክፍልፋይ ስለ ሆነ፥ «ሃያ ሁለት» ሲሉ ከአንድ ኢንች መቶ እጅ ሃያ ሁለቱን ማለታቸው ነው፤ ይኸውም በእኛ ልክ 5.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። የጥይቱን ክብደት ደግሞ «ግሬን» በሚባል ልክ ይመዝኑታል። አንድ ግራም ከ15 ግሬን ጥቂት ይበልጣል።

ይሁን እንጂ በስፋቱ ቍጥር ብቻ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። አባቶቻችን በዐድዋ ዘመን ይዘውት የነበረውን ውጅግራን እናስታውስ። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን ስፋቱ 11 ሚሊሜትር፥ የእርሳስ አረሩም ክብደት 25 ግራም ያህል ነበር። ነገር ግን አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ በአንድ ሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዛሬ ለቀበሮ የሚመረጠው 0.223 ሬሚንግተን የሚባለው ጥይት አረሩ 3.6 ግራም ብቻ ነው፤ ከውጅግራው አረር ሰባት እጅ ያንሳል። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 990 ሜትር ያህል ነው። የአረር ኀይል በክብደቱ ልክ ይጨምራል፤ በፍጥነቱ ግን በዕጥፍ ዕጥፍ ይጨምራል። ፍጥነቱ ሁለት እጅ የሆነ እንደ ሆነ ኀይሉ አራት እጅ ይሆናል። ስለዚህ ያ ከጣት ጫፍ የማይበልጥ አረር ከትልቁ የውጅግራ አረር ኀይል ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይዞ ይሄዳል።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። 0.22 ሎንግ ራይፍል፥ 0.223 ሬሚንግተንና 0.22-250 የሚባሉት ሦስቱ ጥይቶች የአረራቸው ስፋት ከሞላ ጐደል አንድ ነው። ኀይላቸው ግን እንደ ጭልፊትና እንደ ንስር ይለያያል። የመጀመሪያው፥ ድምፁ ዝቅ ያለው ዐይነት፥ 130 ጁል ያህል ነው፤ ሁለተኛው 1,750 ጁል፥ ሦስተኛው ከ2,200 ጁል በላይ ነው። ምክንያቱ በቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው። ስለዚህ ወደ ጠመንጃ ሻጭ ሄዶ «ሃያ ሁለት ስጠኝ» የሚል ሰው ምን እንደ ጠየቀ ገና አያውቅም።

ከትንሹ እስከ ትልቁ

አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ አውሬ የሚስማማውን በተራ እንመልከት።

ለአይጥ፥ በጐተራና በከብት በረት ውስጥ፥ የሚበቃው የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም፤ የታመቀ አየር ትንሿን እርሳስ ይገፋታል። በእንግሊዝ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው የአየር ጠመንጃ ኀይሉ ከ12 ፉት ፓውንድ፥ ማለት ከ16 ጁል ገደማ እንዳይበልጥ ሕግ ወስኗል። በስኮትላንድ ግን ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ለእርሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አይጥንና ቅርብ ያለን ጥንቸል ይገድላል፤ ከ30 ሜትር በላይ ግን አይታመንም። ለቀበሮ ፈጽሞ አይሆንም።

ለጥንቸል የሁሉ ወዳጅ የሆነው 0.22 ሎንግ ራይፍል ነው። ይህ ጥይት ከ1887 ጀምሮ ያለ ሲሆን ምቱ የሚያርፈው በቀለሁ መካከል ሳይሆን በጠርዙ ላይ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አረሩ 2.6 ግራም ነው። ድምፁ ዝቅ እንዲል የተሠራው ዐይነት በሰከንድ 320 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያንስ በአየር ውስጥ ሲያልፍ የጅራፍ ጩኸት አያሰማም። ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት እንደ ሆነ አንዱ ጥንቸል ሲወድቅ ጎረቤቱ ሣሩን መጋጡን አይተውም። እስከ 60 እና 70 ሜትር ድረስ መልካም ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። ዝግ ብሎ ስለሚሄድና አረሩ ስለማይበታተን፥ ድንጋይ ወይም ደረቅ መሬት ወይም ውሃ ሲነካ ነጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ትንሽ ነው ብሎ የናቀውም ሰው ተሳስቷል፤ ወደ ላይ ተተኵሶ የሄደ እንደ ሆነ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል።

በ2002 የወጣው 0.17 ኤች.ኤም.አር. የሚባለው ጥይት ይህን ጕድለት ለማረም ረድቷል። አረሩ 1.1 ግራም ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሰከንድ 777 ሜትር ያህል ይበራል፤ ሲያርፍም ብዙውን ጊዜ ተበታትኖ ስለሚቀር የመንጠር አደጋው ያነሰ ነው። ለጥንቸልና ለቍራ እስከ 130 ሜትር ያህል ይመሰገናል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ቀላል አረር የነፋስ መጫወቻ ነው። ለቀበሮም ቅርብ ከሆነና ተኳሹ እጅግ የተለማመደ ከሆነ በቀር ልንመክረው አንችልም። አረሩ ወደ ልብ ሳይደርስ ትከሻው አጥንት ላይ ሊበታተን ይችላልና።

ቀበሮ በእርግጥ የሚጀምረው ምቱ በቀለሁ መካከል ከሚያርፈው ጥይት ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያው በ1930 ለገበያ የወጣው 0.22 ሆርኔት ነው። «ሆርኔት» ማለት ትልቅ ተርብ ማለት ነው፤ ስሙም ይስማማዋል። ድምፁ ለስለስ ያለ፥ ባሩዱ ጥቂት ነው፤ እስከ 150 ሜትር ድረስ ቀበሮን ይጥላል። ቤቶች በተቀራረቡበት፥ ጎረቤትም በድምፅ በሚቈጣበት ስፍራ ዛሬም የሚወዱት ብዙዎች ናቸው።

ሁለተኛው ከላይ ያነሣነው 0.223 ሬሚንግተን ነው። ከአሜሪካኖች የጦር ጠመንጃ ጥይት ጋር በ1960ዎቹ ዓመታት አብሮ የተወለደ ነው። ጥይቱ በየስፍራው ይገኛል፥ ዋጋውም የሚቻል ነው፥ ርግጫው ቀላል ስለ ሆነ ተኳሹ ጥይቱ ሲያርፍ በመነጽሩ ውስጥ ለማየት ይችላል። እስከ 200 ሜትርና ከዚያም ጥቂት አልፎ በቂ ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ለቀበሮ ይመረጥ የተባለ እንደ ሆነ ብዙ ሰው የሚስማማው በዚህ ነው፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን።

ሦስተኛው 0.22-250 የሚባለው ነው። ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ በ1965 ለገበያ ያወጣው ሲሆን አረሩ በሰከንድ ከ1,100 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሜዳው ሰፊ፥ ቀበሮውም ሩቅ በሆነበት ስፍራ ጌታ ነው። ነገር ግን ብዙ ባሩድ ይበላል፥ ይጮኻል፥ አፈሙዙንም ቶሎ ይጨርሳል።

አራተኛው በ1955 የወጣው 0.243 ዊንቸስተር ነው። ይህ ከቀበሮም አልፎ ለአጋዘን የሚሆን ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከትናንሾቹ ዐይነቶች በቀር አጋዘን የሚገደልበት ጠመንጃ ስፋቱ ከ0.240 ኢንች፥ ኀይሉም ከ1,700 ፉት ፓውንድ እንዳያንስ ሕግ ያዛል። ስለዚህ ሁለት ጠመንጃ ለመግዛት ያልቻለ ሰው 0.243ን ገዝቶ ቀላሉን አረር ለቀበሮ፥ ከባዱን ለአጋዘን ያደርገዋል። ለቀበሮ ብቻ ከሆነ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ዝንብን በመዶሻ መምታት ዝንቡን ይገድላል፤ ጠረጴዛው ግን ይሰበራል።

የአረሩ አሠራር

ጠመንጃው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አውሬውን የሚነካው ጠመንጃው አይደለም፤ አረሩ ነው። ሁለቱ ዐይነቶች መለየት አለባቸው። አንደኛው እርሳሱ በሙሉ በመዳብ ልብስ የተሸፈነው ነው። ይህ ለጦርና ለኢላማ መለማመጃ የተሠራ ነው። ቀበሮን ሲመታ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፤ አውሬው ቈስሎ ይሮጣል፥ አረሩም ኀይሉን እንደ ያዘ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ጫፉ ለስላሳ ወይም ባዶ ወይም በትንሽ ፕላስቲክ የተደፈነ ሆኖ፥ ልብሱም ስስ የሆነው ነው። ይህ አረር ሲያርፍ ይከፈታል ወይም ይበታተናል፤ ኀይሉን ሁሉ በአውሬው ውስጥ ይጨርሳል። አውሬው ሳይሠቃይ በቅጽበት ይወድቃል። አረሩም አልፎ ሌላ የመጕዳት ዕድሉ ይቀንሳል። ለቀበሮ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው።

የአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝም ሊታወቅ ይገባል። በአፈሙዝ ውስጥ እንደ ብሎን የሚዞር ቦይ አለ፤ አረሩን እያሽከረከረ ስለሚያወጣው አረሩ ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዝግ ብሎ የሚዞር ቦይ፥ ለምሳሌ በ12 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞረው፥ ለቀላልና አጭር አረር ይስማማል፤ ረጅምና ከባድ አረር ግን በ8 ወይም በ9 ኢንች አንድ ጊዜ የሚዞር ይፈልጋል። ይህን ሳያውቅ ከባድ ጥይት የገዛ ሰው ጥይቱ ወረቀት ላይ ተበታትኖ ሲያርፍ ያይና ጠመንጃውን ይረግማል። ጠመንጃም እንደ ሰው ነው፤ የሚስማማውን እንጂ የተሰጠውን ሁሉ አይወድም። ስለዚህ ከሁለት ከሦስት ዐይነት ጥይት ጥቂት ጥቂት ገዝቶ በወረቀት ላይ መፈተን፥ ከዚያም በአንድ ቦታ አቀራርቦ ያሳረፈውን ይዞ መቅረት ይገባል።

በእርሳስም ነገር ዛሬ አዲስ ሐሳብ መጥቷል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በጥይት የተገደለውን አውሬ ሬሳ የሚበሉት ንስሮችና አሞራዎች ይመረዙበታል። የብሪታንያ መንግሥትም በ2025 ለአደን የሚውለውን የእርሳስ ጥይት በደረጃ ለማስቀረት መወሰኑን አስታውቋል። በምትኩ የሚሠራው የመዳብ አረር ከእርሳሱ ይልቅ ቀላል በመሆኑ ለዚያው ክብደት ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ቀድሞ የተናገርነው የቦይ ጥምዝ ነገር እንደገና መታሰብ ይኖርበታል።

ኢላማን ስለ ማስተካከል

ጥይት ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከአፈሙዝ በወጣ በዚያው ቅጽበት እንደ ማንኛውም ድንጋይ ወደ መሬት መውደቅ ይጀምራል። ፈጣኑም ዝግተኛውም የሚወድቁት በአንድ ልክ ነው፤ ልዩነቱ ፈጣኑ ለመውደቅ ጊዜ የማያገኝ መሆኑ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለው 0.22 አንድ መቶ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ከአፈሙዙ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ይወድቃል፤ 0.223 ግን ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ መነጽሩ ከጥይቱ ጋር በአንድ በታወቀ ርቀት እንዲገናኝ ይደረጋል። 0.22ን በ50 ሜትር አስተካክሎ በ100 ሜትር ያለ ጥንቸል ላይ ያነጣጠረ ሰው፥ ጥይቱ ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ መሬት ሲመታ ያያል። በ0.223 ግን በ100 ሜትር ያስተካከለ ሰው እስከ 150 ሜትር ድረስ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

ይህ ማስተካከል አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር አይደለም። ጠመንጃው ከወደቀ፥ መነጽሩ ከተነካ፥ የጥይቱም ዐይነት ከተለወጠ እንደገና መደረግ አለበት። ባለፈው ዓመት ቀጥ ብሎ ይመታ የነበረ ጠመንጃ ዘንድሮም ይመታል ብሎ በሌሊት ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው በራሱ ላይ ሳይሆን በአውሬው ላይ ይፈርዳል።

የሌሊቱ አደጋ

ቀበሮ የሌሊት አውሬ ስለ ሆነ የሚገደለውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። የቀድሞው ዘዴ ኀይለኛ መብራት ይዞ ሜዳውን ማብራት፥ የቀበሮውም ዐይን ሲያበራ መተኰስ ነበር። ዛሬ ሙቀትን የሚያይ መነጽር መጥቷል፤ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የአውሬው አካል እንደ ፍም ሆኖ ይታያል። ሁለቱም አንድ ዐይነት ፈተና አላቸው። በመብራት የሚያበራ ዐይን የቀበሮ ብቻ አይደለም፤ የበግ፥ የድመት፥ የጎረቤት ውሻ ዐይንም ያበራል። በሙቀት መነጽርም የሚታየው የአውሬው ሙቀት ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው ሽቦ፥ ከኋላ ያለው ድንጋይ ወይም መንገድ በደንብ ላይታይ ይችላል። ዐይን ብቻ አይተው የተኰሱ ሰዎች የገዛ ውሻቸውን የገደሉበት፥ ከዚያም የባሰ ሐዘን የደረሰበት ጊዜ አለ። ሕጉ አጭር ነው፤ ሙሉ አካሉን አይተህ ማንነቱን ሳታውቅ ጣትህን ወደ ምላጩ አታስገባ። ሜዳውንም በቀን ዙረህ፥ ቤቱና መንገዱ የት እንዳለ፥ ጥይት የሚያቆም ዳገት የት እንዳለ ሳታውቅ በሌሊት አትውጣ።

የአገሩ ሕግ

በብሪታንያ ማንም ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ ጠመንጃ አይገዛም። በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ባለ ጠመንጃው ከፖሊስ ፈቃድ መውሰድ አለበት። በፈቃዱም ላይ የእያንዳንዱ ጠመንጃ ስፋትና ሊያስቀምጠው የሚችለው የጥይት ብዛት ይጻፋል። ስለ እያንዳንዱም ጠመንጃ በቂ ምክንያት ማቅረብ ይጠየቃል። ለጥንቸል የተፈቀደለት ሰው ለቀበሮ የሚሆነውን እንዲሁ አይጨምርም። በሃንገርፎርድ ከተማ በ1987 አንድ ሰው ብዙ ሰዎችን ከገደለ በኋላ፥ በ1988 በወጣው ሕግ ከ0.22 የጠርዝ ምት ዐይነት በቀር በራሱ እየጐረሰ የሚተኩስ ጠመንጃ ተከልክሏል። ስለዚህ የቀበሮ ጠመንጃ ሁሉ እያንዳንዱን ጥይት በእጅ ቃታውን እየሳቡ የሚያጐርሱት ነው። ለቀበሮ አዳኝ ግን ይህ ጕዳት የለውም፤ አንድ ጥይት በደንብ ለመተኰስ የሚያስብ ሰው ሁለተኛውን ለመተኰስ አይቸኵልም።

ቀበሮን በውሻ መንጋ ማደን በስኮትላንድ በ2002 በወጣ ሕግ፥ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ከየካቲት 2005 ጀምሮ ተከልክሏል። መርዝ ማኖርም የተከለከለ ነው። በዚህ ምክንያት የገበሬው ዋና መከላከያ ጠመንጃ ሆኖ ቀርቷል፤ የተኳሹም ኀላፊነት በዚያው መጠን ከብዷል።

ስለ አገራችን ቀይ ቀበሮ

ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ «እኛም እኮ ቀበሮ አለን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እዚህ ላይ ቃሉ እንዳያሳስተን ልንጠነቀቅ ይገባል። በባሌና በሰሜን ተራራዎች የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከእንግሊዙ ቀበሮ ጋር በስም ቢገናኝም በዘር የተለየ ነው፤ ይልቁንም ለተኵላ ይቀርባል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። ዛሬ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ሲሆን ከግማሽ የሚበዙት በባሌ ተራራዎች ናቸው። ምግቡ በአብዛኛው ፍልፈልና የተራራ አይጥ ስለ ሆነ ለገበሬው ጠላት ከመባል ይልቅ ረዳት ቢባል ይቀላል። ትልቁ ጠላቱም ጥይት ሳይሆን ከቤት ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሕግም ይጠብቀዋል። እንግዲህ ለእንግሊዙ ቀበሮ የጻፍነው ሁሉ ለቀይ ቀበሮ አይሠራም። የእርሱ ጥበቃ ጠመንጃ ሳይሆን የመንደር ውሾችን ማስከተብ ነው።

የመጨረሻው ምርጫ

ነገራችንን በአንድ ምሳሌ እንፈጽም። በዌልስ ኰረብታዎች ላይ በጎች ያሉት አንድ ገበሬ እናስብ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሦስት ግልገሎች ጠፍተውበታል፤ ሌሊት አራት ሰዓት ላይ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠመንጃው 0.223 ነው፥ ጥይቱ ስስ ልብስ ያለው ነው፥ መነጽሩም በ100 ሜትር ተስተካክሏል። እስካሁን ያልነውን ሁሉ አድርጓል። ቀበሮው ይመጣል። ሙሉ አካሉ ይታያል፤ ርቀቱ 120 ሜትር ነው። ነገር ግን የቆመው በኰረብታው አፋፍ ላይ ነው፤ ከኋላው የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው።

ይህ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነገር ከጠመንጃው ምርጫ ሁሉ ይበልጣል። ከአፋፉ ወዲያ መንገድ ሊኖር ይችላል፥ ቤት ሊኖር ይችላል፥ ሌላ ገበሬ በጎቹን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ቀበሮውን የሳተ የ0.223 ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊሄድ ይችላል። ገበሬው ጣቱን ከምላጩ ያወጣል፥ መጠበቂያውን ይመልሳል፥ ይጠብቃል። ቀበሮው ወደ ሜዳው ወርዶ ከኋላው ዳገት ያገኘ እንደ ሆነ ይተኵሳል። ሳይወርድ ተመልሶ የሄደ እንደ ሆነም ገበሬው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ነገ ሌሊት ደግሞ ይወጣል። ምናልባት በዚያች ሌሊት አንድ ግልገል ይጠፋበት ይሆናል። ግልገል በሚመጣው ዓመት ይወለዳል፤ ከአፋፉ ወዲያ የነበረው ሰው ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ጠመንጃ መምረጥ ማለት ስፋቱንና ፍጥነቱን ማወቅ ብቻ አይደለም። ከአውሬው ጋር የሚመጣጠነውን መያዝ፥ በቅጽበት የሚገድለውን ማጕረስ፥ የጥይቱንም ማረፊያ አይቶ መተኰስ ነው። ሦስተኛው ያልተሟላ እንደ ሆነ ሁለቱ ከንቱ ናቸው።